ጋቢው ላይ የታጠቀ ሰው

በኦሃዮ፣ ፍራንክሊንተን በሚባል ሰፈር፣ ዌስት ብሮድ መንገድ ዳር፣ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ አጠገብ ጋሼ ጀማነህ ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው። ወተት፣ ሲጋራ፣ ሎተሪ፣ አምፖልና የውሻ ምግብ ይሸጡባታል። ከፍሪጁ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ከሬይኖልድስበርግ ድረስ በመኪና ለሚመጡ አበሾች በርበሬና ሽሮ ያስቀምጣሉ። ሰፈርተኛው ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ከኬንታኪና ከዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ሥራ ፍለጋ ወርዶ እዚያው የቀረ ነጭ ነው፤ ቃሉን እየጎተተ የሚናገር፣ አንዴ ካመነ የማይከዳ። እነሱ ጋሼን «ጂም» ይሏቸዋል። ጋሼም ሁሉንም በየስማቸው ይጠራሉ፤ የልጆቻቸውንም የውሾቻቸውንም ስም ያውቃሉ።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያች ሱቅ እሠራ ነበር። ዓመቱ በፈረንጅ 1997 ነው።

ጋሼ ጀማነህ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ስድሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ደሴም ሳሉ ባለ ሱቅ ነበሩ። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ቡናማ ቀበቷቸው አይላላም። ባለፈው ሰመር ሁለት ጎረምሶች ሱቁን ዘርፈው ባለቤታቸውን እትዬ ሉሊትን ገፍትረው እጃቸውን ከሰበሩ በኋላ፣ በቀበቶው ቀኝ በኩል ሽጉጥ ተጨመረ። በሕጋዊ መንገድ፣ በራሳቸው ስም የተገዛ ነው። የቆዳ ማህደሩ ከልብሳቸው በላይ ሆኖ ለገባ ለወጣው ሁሉ ይታያል።

ኦርቪል የሚባል፣ ከኬንታኪ የመጣ ጡረተኛ ጎረቤት ነበረን፤ ጠዋት ጠዋት የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ሽጉጡን መጀመሪያ ያየ ቀን መነጽሩን አውልቆ፣ «ጂም፣ አሁን ገና የሰፈሩ ሰው ሆንክ» አላቸው።

ኦሃዮ ውስጥ ያኔ ሕጉ እንዲህ ነበር፤ መሣሪያን ወገብ ላይ በግልጽ ታጥቆ በመንገድ መሄድ አይከለከልም። ከልብስ ሥር ደብቆ መሄድ ግን ከባድ ወንጀል ነው። ከሳዮቶ ወንዝ ማዶ፣ መሐል ከተማ ባለው ምክር ቤት ደግሞ ፈቃድ ያወጣ ሰው ደብቆ መያዝ ይቻለው የሚል ክርክር ተነስቷል። ክርክሩ በቴሌቪዥን አልፎ ሱቃችን ገብቶ ነበር። ዋናው ተከራካሪ ሙሳ ነው፤ ታክሲ ነጂ፣ ቀልደኛ፣ ሲናገር መሪ የያዘ ይመስል ሁለት እጁን የሚያነሳ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ከኋላዬ ማን እንደተቀመጠ አላውቅም» ይላል። «በግልጽ ልያዘው ብል ተሳፋሪው ይሸሸኛል። ልደብቀው ብል ፖሊስ አሬስት ያደርገኛል። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ልስገድ?»

«ስገድ! ማን ከለከለህ?» ይላሉ እትዬ ሉሊት።

«ማቆሚያ ቦታ የለማ፣ እትዬ ሉሊት!»

እንስቃለን። እትዬ ሉሊት ግን የሚደበቀውንም የሚታየውንም አይወዱም። «ይኼ ነገር የሱ ወገብ ላይ ከተቀመጠ ወዲህ፣ ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው» ይላሉ። «ድሮ የሚያየው ፊቱን ነበር። ፊቱ ደግሞ አያስጠላም ነበር።»

«አሁንም አያስጠላም» ይላሉ ጋሼ፣ ሳንቲም እየመለሱ። ከዚያ ወደ ሙሳ ይዞራሉ። «ስማ ሙሳ። የሚታይ መሣሪያ ቀድሞ ይናገራል። የሰማ ይመለሳል። የተደበቀው ግን የሚናገረው ከረፈደ በኋላ ነው።»

ይህን ሲሉ ምን እንደሚያስቡ የምናውቅ እናውቃለን። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ደሴ፣ አንድ የሚያውቁት ሰው ማታ ቤታቸው ለራት መጣ። «ካፖርትህን አውልቅ እንጂ» ቢሉት፣ «በርዶኛል» አለ። ከታናሽ ወንድማቸው ከተፈሪ ጋር ከአንድ ትሪ በላ። እጁን ታጥቦ ከተነሳ በኋላ ካፖርቱን ገለጥ አደረገ፤ ሽጉጥ ነበረው። ተፈሪን ይዞት ወጣ። ተፈሪ አልተመለሰም። ጋሼ ይህን የሚናገሩት አልፎ አልፎ ነው፤ ሲናገሩም ስለ ሽጉጡ ሳይሆን ስለ ካፖርቱ ነው የሚያወሩት።

አንድ ቅዳሜ፣ በጥር፣ ብርዱ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ነበር። ጋሼ ከቤታቸው ሱቅ ድረስ በእግራቸው ነው የሚመጡት፤ ሁለት ብሎክ ናት። ለሽጉጡ ሲሉ ወገባቸው ላይ የምታልቅ አጭር ጃኬት ነበር የሚለብሱት። እትዬ ሉሊት በረንዳ ላይ ቆመው አዩዋቸው፤ ቤት ገብተው ወፍራሙን ጋቢ አመጡ፤ «በዚች ጃኬት ልትሞትብኝ ነው!» ብለው ከኋላ ጣል አደረጉባቸው። ጋሼም ጠቅለል ብለው መንገድ ጀመሩ። ጋቢው እስከ ጉልበታቸው ይደርሳል። ሁለቱም ሌላ ነገር አላሰቡም።

እኔ ጋዜጦቹን በመስኮቱ በኩል እየደረደርኩ ነበር። ማዕዘኑ ላይ ሁለት መኪናዎች ተጋጭተው ቆመዋል፤ አንድ ወጣት ፖሊስ የዓይን ምስክር ይፈልጋል። ጋሼ ሲያልፉ አየና፣ «ሰር! ይቅርታ፣ ሰር!» ብሎ ተጣራ።

እሳቸው ባደጉበት ወግ፣ የሚከበር ሰው ሲጠራህ ተከናንበህ መቆም ነውር ነው። ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል፤ ወገብ ላይ ይሰበሰባል፤ ጎንበስ ይባላል። የተጠራው ሰው አስቦበት አያደርገውም፤ እጁ ራሱ ያደርገዋል። ጋሼም ዞር አሉ፤ ቀኝ እጃቸው ወደ ትከሻቸው ወጣ፤ ጋቢው ወረደ፤ ጎንበስ አሉ።

ፖሊሱ ያየው የሚንቀሳቀስ እጅና ከነጭ ጨርቅ ሥር ብቅ ያለ የሽጉጥ እጀታ ነው። ጮኸ። የራሱን መዘዘ።

እኔ ጋዜጦቹን ጥዬ ወደ በሩ ሮጥኩ። ጋሼ ግን እንደ ጎነበሱ ሁለት እጃቸውን ቀስ ብለው ዘረጉ፤ ጋቢው በረዶው ላይ ወደቀ። ኦርቪል ሱሪውን በአንድ እጁ እየያዘ ከሱቁ ወጥቶ ሮጠ። «ጂም ነው! ባለ ሱቁ ጂም ነው! አትተኩስ፣ አንተ ልጅ!»

ልጁ አልተኮሰም። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እጃቸውን በካቴና አስሮ መኪና ውስጥ አስገባቸው። ጋቢውን አንስቼ በረዶውን ሳራግፍ እትዬ ሉሊት ከበረንዳቸው በነጠላ ጫማ እየሮጡ መጡ፤ ጋቢውን ከእጄ ነጥቀው ደረታቸው ላይ ያዙት። «እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ፣ ልጄ፣ እኔ ነኝ የጣልኩበት።»

ክሱ መሣሪያ ደብቆ መያዝ የሚል ሆነ።

ጠበቃቸው ሚስተር ሊዮን ጥሩ ሰው ነበር። ጋሼ የሱቅ እንግሊዝኛ ቢያውቁም የሕግ ነገር በአማርኛ ይሻላቸዋል፤ ስለዚህ ቢሮው ድረስ አብሬ ሄጄ አስተረጎምኩ።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለ ሚስተር ሊዮን። «ሕጉ አንድ በር ትቶላችኋል። አደገኛ ቦታ የሚሠራ ሰው ወደ ሥራው ሲሄድ ፈርቶ መሣሪያ ቢደብቅ ይቅር ይባላል። እርስዎ ተዘርፈዋል፤ የሚስትዎ እጅ ተሰብሯል። ‹ፈርቼ ደበቅሁት› ይበሉ። በዚያው ያልቃል።»

ተረጎምኩላቸው።

«መጀመሪያ ‹ደበቅሁ› ልበል?» አሉ ጋሼ።

«አዎ።»

«አልደበቅሁም።»

«ገባኝ፣ ግን ተሸፍኖ ነበር» አለ ጠበቃው። «‹አልደበቅሁም› ብለው ተከራክረው ዳኛዋ ካላመኑዎት ጥፋተኛ ነዎት። ዜጋ አይደሉም። በመሣሪያ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ግሪን ካርዱን ሊያጣ፣ ከአገር ሊባረር ይችላል። አሁን የኩራት ጊዜ አይደለም።»

እትዬ ሉሊት እስከዚያ ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠው ነበር። «አንተ ሰውዬ!» አሉ። «አንድ ቃል ናት። በላትና እንሂድ!»

«ሉሊት፣ ዋጥኳት እንበል» አሉ ጋሼ። «ከዚያ የት አደርጋታለሁ?»

ወደ ፍራንክሊንተን ስንመለስ የሳዮቶን ድልድይ ተሻገርን። ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ሱቁ በር ላይ ስንደርስ ብቻ ጋሼ መሪውን እንደያዙ ተናገሩ። «ያንን ሰው ሃያ ዓመት ስረግመው ኖርኩ። አሁን እዚህ ወረቀት ላይ እሱ ነህ ብለው ጽፈውብኛል። እሱ አይደለሁም።»

እትዬ ሉሊት ከዚያ በኋላ ስለ ቃሏ አንድም ቀን አላነሱባቸውም። ያን ዕለት ግን የተሰበረ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ መኪና ውስጥ ቀሩ።

ፍርድ ቤት የቀረብነው የካቲት ውስጥ ነው። ሙሳ ለታክሲው ማቆሚያ አግኝቶ መጣ፤ ኦርቪል ክራባት አስሮ መጣ። ዳኛዋ ሽበታም፣ አፍንጫቸው ላይ መነጽር የሰቀሉ ሴት ናቸው። የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ስላልተገኘ እኔ ተፈቀደልኝ። ድምፄ ትንሽ ስለሆነ ዳኛዋ «ከፍ አድርጊው፣ የኔ እመቤት» አሉኝ፤ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

ዐቃቤ ሕጉ ጠየቀ። «ጋቢው ሽጉጡን ሸፍኖት ነበር?»

«ሸፍኖት ነበር» አሉ ጋሼ።

ሚስተር ሊዮን ግንባሩን ያዘ።

«ጋቢውን ለምን ለበሱት?»

የጋሼ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ቆመ። እውነቱ አንዲት ቃል ናት፤ ቃሏ ግን የዚያ ባለ ካፖርት ሰው ናት። እትዬ ሉሊት ከኋላ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

«በርዶኝ» አሉ ጋሼ በመጨረሻ።

ስተረጉም ዳኛዋ ከፍ አድርጊው አላሉኝም።

«ተሸፍኖ ከነበረ» አለ ዐቃቤ ሕጉ፣ «በርስዎ አነጋገር ደብቀው ነበር ማለት ነው።»

«አይደለም። የደበቀ ሰው ሲጠሩት ይበልጥ ይጠቀለላል። እኔ ሲጠራኝ ገለጥኩ። ልጁ አለ፤ ይጠየቅ።»

ወጣቱ ፖሊስ ተጠየቀ። ሳያንገራግር መለሰ። «ሽጉጡን ያየሁት ጨርቁን ራሱ ሲያወርደው ነው። ባያወርደው አላይም ነበር። ሊመዝብኝ መሰለኝ።»

«አሁንስ?» አሉ ዳኛዋ።

ልጁ ወደ ጋሼ አየ። «ጎንበስ ብሎ ነበር፣ ክብርት ዳኛ። ብዙ አስቤበታለሁ። ሊተኩስ ያለ ሰው ጎንበስ ሲል አይቼ አላውቅም።»

ያኔ እትዬ ሉሊት ከመቀመጫቸው ተነሱ። «እኔ ነኝ የጣልኩበት! ማሰር ካለባችሁ እኔን እሰሩኝ!»

«ምን አሉ?» አሉ ዳኛዋ። ተረጎምኩ። «ይቀመጡ በያቸው» አሉኝ። «ዛሬ ማንንም ለማሰር አልቸኮልኩም።»

ከዚያ ዳኛዋ ጋቢው እንዲመጣ አዘዙ። የጋሼ ቀበቶ ከባዶው የሽጉጥ ማህደር ጋር ተሰጣቸው፤ አሰሩት። ጋቢውን እንደዚያ ቀን ለበሱት። እስከ ጉልበታቸው ደረሰ። ማህደሩ አይታይም። ዐቃቤ ሕጉ እጁን ወደዚያ ዘርግቶ፣ «ይኸው፣ ክብርት ዳኛ» አለ፤ የሚጨምረው ነገር እንደሌለ ሁሉ ተቀመጠ።

እውነት ለመናገር የታየኝ እኔም ያው ነበር። ረጅም ሽማግሌ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ሌላ ምንም።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቀና አሉ። ሊጠይቋቸው ነበር መሰለኝ። «ሚስተር ጀማነህ» አሉ።

ጥያቄው አልተጠየቀም። ስማቸው ሲጠራ የጋሼ እጅ ወደ ትከሻቸው ወጣ፤ ጋቢው ወረደ፤ ወገባቸው ላይ ተሰበሰበ፤ ጎንበስ አሉ። ባዶው ማህደር ለሁላችንም ታየ። ጋሼ ቀና ሲሉ ሁሉ ሰው ለምን እንደሚያያቸው አልገባቸውም ነበር።

ዳኛዋ ዐቃቤ ሕጉን አዩት። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አየ።

«ሕጉ የሚከለክለው አውቆ መደበቅን ነው» አሉ ዳኛዋ። «ይህ ሰው ቢፈልግም መደበቅ የሚችል አይመስለኝም። ጥፋተኛ አይደለም።»

ኦርቪል ክራባቱን እዚያው ፈታው። ሙሳ «ኬዙ አለቀ?» እያለ ሁለቴ ጠየቀኝ። እትዬ ሉሊት ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ያለቅሱ ነበር። ጋሼ ግን መጀመሪያ የሄዱት ወደ ልጁ ፖሊስ ነው። «ልጄ» አሉት በእንግሊዝኛ፣ «አንተም በርዶህ ነበር። እጅህን አይቻለሁ።» ልጁ ቀላ፤ እጁን ሰጣቸው።

ወሬው ሲሰማ፣ ለረቂቅ ሕጉ የሚከራከሩ ሰዎች ጋሼን ምክር ቤት ቀርበው እንዲናገሩ ጠየቋቸው። ሙሳ ደስታውን አልቻለውም። «ጋሼ፣ ሕጉ እንዴት ጨዋ ሰው እንደሚያስር ይንገሩልን! አንድ ቀን ስለኔም ብለው ይናገሩ!» ጋሼ ተጠርተው ቀርተው አያውቁም፤ ሄዱ። አዳራሹ ገና ታድሶ የቀለም ሽታው አልጠፋም። ተራቸው ሲደርስ በራሳቸው እንግሊዝኛ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ሕጉ በደለኝ በል ብላችሁ ጠርታችሁኛል። ሕጉ መጀመሪያ አላወቀኝም፤ ሲያውቀኝ ለቀቀኝ። ወዳጄ ሙሳ ታክሲ ይነዳል፤ ፍርሃቱ እውነት ነው፤ እሱን ስሙት። እኔ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ደብቆ መያዝን ከፈቀዳችሁ፣ ደብቆ የያዘ ሰው በሌላ ሰው ማዕድ ላይ ሳይናገር አይቀመጥ። እኔ ወንድሜን ያጣሁት እንደዚያ ነው።»

በግራ በኩል የተቀመጡት አላጨበጨቡም፤ በቀኝም አላጨበጨቡም። ሙሳ ብቻ ከኋላ ተነስቶ ቆመ። ሲወጡ ግን፣ «ጋሼ፣ እኔን እኮ ግማሽ መንገድ ላይ አወረዱኝ» አላቸው።

«ቀሪውን በእግርህ ና» አሉት፤ «ለጤናህ ነው።»

ክርክሩ ምክር ቤትም ሱቅም ሳያልቅ ቀጠለ። ሽጉጡ የተመለሰላቸው መጋቢት ላይ ነው፤ ብርዱ ግን አልወጣም። ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ሉሊት በረንዳ ላይ ጋቢውን ይዘው ወጡ፤ መልሰው ሊያስገቡት ሲሉ ጋሼ ተቀበሏቸው። ለበሱት። ከዚያ ቀበቷቸውን ከነማህደሩ አነሱና ከጋቢው በላይ፣ ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን መሰልክ!» አሉ እትዬ ሉሊት።

«ምን መሰልኩ?»

«ሊያገባ የሚሄድ ሽፍታ።»

«አግብቻለሁ እኮ።»

«ማንን?»

«አንቺን። ሌላ ማን ያገባኛል?»

የእትዬ ሉሊት ሳቅ እስከ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። እኔ በሱቁ መስኮት ሳያቸው ቀጥ ብለው መንገዱን መሐል ለመሐል ይመጣሉ፤ ነጭ ጋቢ፣ ቡናማ ቀበቶ፣ በላዩ ሽጉጥ። ከሩቅ የማይታይ ነገር የለባቸውም። አንድ መኪና ፍጥነቱን ቀንሶ ጥሩምባ ነፋ፤ ባለ መኪናው እጁን በመስኮት አውጥቶ «ሄይ፣ ጂም!» አለ። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አደረጉ። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ የሳቸው ይመስል ነበር፤ ለኔም እንደዚያው።

በሩን ከፍተው ገቡ። ኦርቪል ከሳጥኑ ላይ ተነስቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ሚስተር ጀማነህ» አላቸው፤ ጂም አላላቸውም። የጋሼ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ትከሻቸው ወጣ፤ ጋቢውን ሊያወርዱት ሳቡት። አልወርድም አለ። ቀበቶው ይዞታል።

ከዚያ ቀበቷቸውን ፈቱ፤ ከነሽጉጡ ከመደርደሪያው በስተኋላ፣ ሁሉም የሚያየው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ጋቢውን ዝቅ አደረጉ፤ ጎንበስ አሉ፤ የኦርቪልን ሰላምታ እንደሚገባ መለሱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልማዳቸው ያ ሆነ። በመንገድ ጋቢው ላይ ታጥቀው ይሄዳሉ፤ ሰው ሰላም ሊሉ ሲሉ ግን መጀመሪያ ትጥቃቸውን ይፈታሉ። በሩ ሲከፈት ገብቶ ሰላም የሚላቸው ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ አያልቅም፤ ሽጉጡ ማታ እስኪዘጉ ከሚስማሩ አይወርድም። እትዬ ሉሊት ከካሽ ሬጅስተሩ ጀርባ ተቀምጠው እሱን ያዩና ወደ ጋሼ ይዞራሉ።

«ይኸው» ይላሉ፣ «ፊትህ ተመለሰ።»